የመሪማ ካውያ

ባለፈው ሳምንት አል አይን ዘመድ ቤት አድሬ፣ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ብከፍተው እጄን ለበለበኝ። በዚህ የዓረብ አገር በጋ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ፀሐይ ሲመታው ይውልና ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ሻይ ያፈላል። ጣቶቼን እያራገብኩ እትዬ መሪማ ትዝ አለችኝ። እሷ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ደግሞ እበሽቃለሁ፤ ይሄው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ልጅ ሆኜ ባኒያስ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ነበር የምንኖረው። በአንዱ አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ፤ በሌላው እትዬ መሪማ ብቻዋን። መታጠቢያ ቤቱም የመብራት ቆጣሪውም የጋራ ነበር። መሪማ የወሎ ሴት ናት፤ አል ዋሕዳ አካባቢ በአንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። አመሻሽ ላይ ያላለቀ ሥራ በጥቁር ፌስታል ይዛ ትመጣለች። ትንሽ ቆይቶ የረጠበ ጨርቅ በጋለ ካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ በበሯ ስር ሾልኮ እኛ ጋ ይደርሳል። ዶቃዎቿን በብስኩት ቆርቆሮ ነበር የምታስቀምጠው፤ እኔ በቀለም በቀለም ስለይላት እሷ በዝግታ የመንዙማ ካሴቷን ትሰማለች።

ሙቀቱ እንደገባ የመብራት ሂሳቡ እጥፍ ሆኖ መጣ። ኪራይ የሚሰበስበው የባለቤቱ ወኪል ወረቀቱን እያርገበገበ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ሳትጠየቅ፣ “የመሪማ ካውያ ነው” አለች። ማን ጠየቃት? አባቴም ራሱን ነቀነቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፣ ወኪሉን ስለፈሩ ብቻዋን ያለችው ሴት ላይ በረቱ።

መሪማ ካውያውን ተወች። ሥራዋን እዚያው ስፌት ቤት እያመሸች መጨረስ ጀመረች። ሂሳቡ ግን ፍንክች አላለም። በነሐሴ ወኪሉ ሰው ልኮ የኤሲዋን ሽቦ አስቆረጠ። በነሐሴ ባኒያስ ውስጥ ያለ ኤሲ መተኛት ምን እንደሆነ የማያውቅ አይፍረድ። አንገቷና ክንዷ በሙቀት ሽፍታ ተሞላ። ያም አልበቃ ብሎ ወኪሉ፣ “በወሩ መጨረሻ ክፍሉን ትልቀቅ፣ ኸላስ፣ አለቀ” ብሎ ሄደ።

አንድ አርብ ከጁምዓ መልስ መሪማ እናቴን ጠራቻት።

“የእኔ ሁሉም ጠፍቷል። የእናንተንም አጥፉና ቆጣሪውን አብረን እንየው” አለቻት።

ኤሲው፣ ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ጠፋ። እናቴ እጇን አጣምራ ቆጣሪው ፊት ቆመች። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው፣ ቀይ ምልክት ያላት ክብ ብረት ግን ምንም እንዳልተነካባት ትሽከረከራለች።

“ስፌት ቤት ያሉት ልጆች በበጋ የውሃ ማሞቂያቸውን ያጠፉታል” አለች መሪማ። “ማሞቂያው ጥላ ስር ስለሆነ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ገላቸውን ከቀዩ፣ ከሙቁ ቧንቧ ነው አሉ የሚታጠቡት። የእኛ ታዲያ ቀዩም ሰማያዊውም ለምንድን ነው የሚፈላው?”

እኛማ ፀሐይ ነው ብለን ነበር። እናቴ በጋውን ሙሉ በባልዲ እየቀዳች ስታቀዘቅዝ ነው የከረመችው። የማሞቂያው ማብሪያ የት እንዳለ ሲጠየቅ አባቴ ቁም ሳጥኑን ዞሮ አየ። መጋቢት ላይ ከሚና ዛይድ ገበያ ያገለገለ ቁም ሳጥን ገዝቶ፣ ግድግዳውን አስደግፎ ያቆመው እሱ ነው። ሳቡት። ከኋላው፣ በአቧራ መሀል፣ የማብሪያው ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች። አጠፉት። እናቴ ወጥታ አየች፤ ቆጣሪው ቆሟል።

ይቅርታ የጠየቀ የለም። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “መሪማ፣ ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር። ወኪሉ ከሰማ እኛን ነው የሚያስወጣን። ልጆች አሉኝ” አላት።

“እኔስ ማን አለኝ ብላችሁ ነው?” አለች። ቀጥላም፣ “ለመንገሩ አረብኛዬ ከእናንተ ይሻላል። ግን ልጆቹን በዚህ ሙቀት ሜዳ ላይ አላስጥልም” አለችና ክፍሏ ገባች።

በወሩ መጨረሻ ወጣች። የሚቀጥለው ሂሳብ ግማሽ ሆኖ ሲመጣ ወኪሉ ሳቀ። “አየህ? ሴትዮዋ ነበረች” አለው አባቴን።

“አይዋ” ብሎ አባቴ ተስማማ።

መሪማ በሄደች ማግስት የትምህርት ቤት ቀሚሴን በራችን እጀታ ላይ ተንጠልጥላ አገኘናት። ለካ ከጠቡ በፊት እናቴ እንድትሰፋልኝ ጨርቅ ሰጥታት ኖሯል። ስፌቷ ልቅም ያለ፣ የታችኛው እጥፋት አራት ጣት የሚሆን፣ ሳድግ እንዲለቀቅ ተብሎ የታጠፈ። እናቴ ሦስት ዓመት በየትምህርቱ መክፈቻ ትንሽ ትንሽ እየተረተረች አስረዘመችልኝ። በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻውን እጥፋት ስትፈታ እጇ ቆመና፣ “ሴትዮዋን እኛ ነን ያባረርናት” አለች፤ ለእኔ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ይህ ሊነገረው የሚገባው ወኪል ግን በየወሩ በራችን ላይ ይቆም ነበር።