ቆሜበት የሌለሁበት ፎቶ

ሥራ በጀመርኩ ቀን ካሜራ አልነካሁም። ቀኑን የዋልኩት በሌላ ሰው ቦታ ቆሜ ነው።

ፎቶ ቤቱ ጦር ኃይሎች፣ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ዘርጋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ቁመትሽ ይሆናል፤ ነይ እዚህ ቁሚ» አሉኝ። አንድ ቤተሰብ መጋረጃው ፊት ተሰልፏል። ታላቅ እህታቸው ሞታባቸዋለች፤ ከጉርድ ፎቶዋ ተቀናብራ አብራቸው እንድትሆን ነው የመጡት። እኔ በእሷ ቦታ ቆሜ ተነሳሁ። በኋላ ጋሽ ዘርጋ የእኔን ፊት በምላጭ አንስተው የእሷን ተኩበት።

«ቦታውን ባዶ ብንተወውስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ያስታውቃላ! ሰው አጠገቡ ሰው ከሌለ ትከሻው ይደርቃል» አሉኝ። የቤታችን ደንብ ይኸው ነበር፤ የጎደለውን ሰው ቦታ በሕይወት ያለ ሰው ይይዘዋል።

ከዚያ ወዲህ የስንቱ እናት፣ የስንቱ አክስት ሆኜ እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴማ ቁመቱ የሚመጥን ወንድ ጠፍቶ፣ ኮት አጥልቄ የደንበኛ አባት ሆንኩ። ጋሽ ዘርጋ በሳቅ ካሜራው ተንቀጠቀጠባቸውና እንደገና አነሱን።

ቁጡ ናቸው። ፊልም ሳጥብ ከቸኮልኩ «ምን ያጣድፍሻል? ታክሲ አመለጠሽ?» ይሉኛል። ሲከፋኝ ደግሞ ሳምቡሳ ገዝተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ዘወር ይላሉ። ይቅርታ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ይቅርታቸው ሳምቡሳው ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ምላጩን ትተን ፎቶሾፕ ተማርን፤ ከእኔ ቀድመው የለመዱት እሳቸው ናቸው። እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ቤት ሲያሠሩ ከግንበኛ ጋር ሲሟገቱ የሚውሉ ሴት ነበሩ። ቤቱ በር ሳይገጠምለት አረፉ። ጋሽ ዘርጋ ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤቱን ለእኔ ትተው እቤት ዋሉ።

አንድ እሁድ ደወሉ። «አስቴር፣ ነይ ቁሚልኝ።» ሄድኩ። የእትዬ ዘነበችን ቀሚስ ሰጡኝ። በረንዳው ላይ ከልጆቻቸው መሃል ቆምኩ፤ እሳቸው ካሜራውን አዘጋጅተው ሮጠው ገቡ፤ እጄን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። ቀሚሱ እትዬን እትዬን ይሸት ነበር። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ተነሳሁ። ፎቶው ሳሎን የሚሰቀል ነበር የመሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈራችን ወጣቶች የፎቶ ውድድር አዘጋጁና ከሦስቱ ዳኞች አንዷ አደረጉኝ። ርዕሱ «ቤታችን» ነው። አንደኛ የወጣው በትልቁ ታትሞ የአዳራሹ መግቢያ ላይ ይሰቀላል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የተቀናበረ ፎቶ አይገባም። የተወዳዳሪው ስም ፎቶው ላይ አይጻፍም።

ዮናታን የሚባለው ወጣት ዳኛ አንዱን አንስቶ «በቃ፣ አንደኛ ይሄ ነው! የእናትየዋን እጅ እዩልኝ፣ እንዴት አድርጋ እንዳሳረፈችው!» አለ። ሦስተኛዋ ዳኛም ተስማማች። ቀረብ ብዬ አየሁት። ወይ ጉድ! እጁ የእኔ ነው።

 ዝም ካልኩ ጋሽ ዘርጋ ያሸንፋሉ፤ እትዬ ዘነበችም ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ ይሰቀላሉ። ከተናገርኩ የአስተማሪዬን ሥራ በገዛ አፌ ልጥለው ነው። ከጎኑ አንድ አባት ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የተነሳ ፎቶ አለ። እንዲያ ያለ የድካም ፊት ተጠብቆ ነው የሚገኘው፤ እኔም ጠብቄ አውቃለሁ።

«ይሄኛው የተቀናበረ ነው» አልኩ።

ዮናታን አጉልቶ አየው። «ኧረ እትዬ አስቴር፣ የቱ ጋ? ጠርዙ ንጹህ፣ ብርሃኑ ንጹህ!»

«ሴትየዋ በሕይወት የሉም። ቀሚሱ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ፎቶው ከውድድሩ ወጣ። አንደኛ የጫማው ፎቶ ሆነ።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ በቀጥታ ዓለም ባንክ ሄጄ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ባዳ አስገባሁ? የገዛ ሚስቴን፣ በገዛ ቤቷ!»

«ባዳ አላስገቡም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? ቤቱን ያሠራችው እሷ ናት። እኔማ ለግንበኛው እሺ ከማለት ሌላ ምን ሠራሁ? ሰው እንዲያያት ነው የፈለግኩት።»

«ያየ ሰው እትዬ እዚህ በረንዳ ላይ ቆመው ነበር ብሎ ነው የሚያምነው» አልኳቸው። «እሳቸው ግን በረንዳውን አላዩትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ፎቶው ደግሞ ይህንኑ ይደብቃል።»

 ወደ በረንዳው ዘወር ብለው «ያ ወጣት ዳኛ ግን አላወቀም?» አሉኝ።

«ምኑን ሊያውቅ! አንደኛ ሊሰጠው ነበር እኮ።»

«አጉልቶ አይቶ?»

«አጉልቶ አይቶ።»

ሳቅ አመለጣቸው። «እሰይ!» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ፎቶውን በትልቁ አሳትመን ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀልነው። ከሥሩ ጋሽ ዘርጋ በእጃቸው ጻፉበት፦ «ዘነበች ይህ ቤት ሲያልቅ ሳታይ አረፈች። እኛ አስገባናት።»

አንድ ጠዋት የእትዬ ዘነበች የዕድር ጓደኛ የሆኑ እናት ከታክሲ ወርደው መስኮቱ ፊት ቆሙ። ጽሑፉን ላያነቡት ይችላሉ ብዬ ወጣሁ።

«እማማ፣ ፎቶው የተቀናበረ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ቀብሬያታለሁ እኮ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ቤቱ ግን አማረባት።»

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ማቀናበር ሥራችን ነው፤ አያሳፍርም። ካሜራው ያየውን ብቻ አምጡ የሚል ውድድር ላይ ግን አታስገቡት። ሌላ ቦታ ስትሰቅሉት ለሚያየው ሰው ንገሩት። ከተነገረውም በኋላ ቆሞ ካየው፣ ጥሩ ሠርታችኋል።