የግራው ጎን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ሪያድ ጉበይራ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ አብረውኝ ለሚያድሩት ወንድሞቼም ትንፍሽ አላልኩም። ለአንተ ለማታውቀኝ ስናገረው ይቀለኛል። ሰይድ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ሪያድ ውስጥ የመኪና አካል እበይዳለሁ። በዚሁ በእንጀራዬ በብየዳ ነው ሰው የጎዳሁት። ተሳስቼ አይደለም፣ አውቄ ነው።

እህቴ ዘሃራ ከከፊሏ፣ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ፣ ወረቀት ሳይኖራት፣ አንድ የአገራችን ሰው ቤት ሁለት ዓመት ሠርታ ነበር። ሰውየው ኢንጂነር ዳዊት ይባላል፤ የተማረ፣ የተከበረ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ የሚኖር። አፈሳው ሲጠነክር ለኢቃማው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ፈራ። ፈርቶ "ውጪልኝ" ቢላት ኖሮ ሰው ነው፣ ፈራ ብዬ እተወው ነበር። እሱ ግን "ያላ ዘሃራ፣ ነገሩ እስኪበርድ ጓደኛዬ ቤት ላድርስሽ" ብሎ በገዛ መኪናው ወስዶ ተርሒል በር ላይ አወረዳት። ተርሒል ማለት ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አገሩ እስኪጠረዝ የሚታሰርበት ነው። "ግቢ፣ እየጠበቁሽ ነው" አላት። አመነችው፣ ገባች። ኮምቦልቻ የደረሰችው በአንድ ፌስታል ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔ አልረሳሁም። ስምንት ዓመት ሙሉ አልፈለግሁትም፣ ጠበቅሁት።

አንድ ቀን ሰናኢያ፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ የምሠራበት ወርሻ ድረስ ራሱ መጣልኝ። በመጫኛ መኪና አንዲት የሰማንያዎቹ ዓመታት ትንሽ መኪና አስጭኖ ነበር፤ ባለ ሁለት በር፣ ኋላዋ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ለቁመቷ የማይገባ ኃይለኛ ሞተር ያላት። ተማሪ ሳለ ሲመኛት የኖረው ዓይነት መኪና ናት አለኝ። ጅዳ ነው ያገኛት፤ የባሕሩ ጨው በልቷታል። ስሙን ሲነግረኝ ቀና ብዬ አየሁት። ዘሃራ ድሮ በላከችልኝ ፎቶ ላይ የልጁን የልደት ኬክ ሲቆርስ የነበረው ሰውዬ ነው። እኔ የማን ወንድም እንደሆንኩ አላወቀም፣ እኔም አልነገርኩትም። "አብሽር፣ እንደ አዲስ አደርጋታለሁ" አልኩት።

ዝገት ከላይ ያየኸው ብቻ አይደለም። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ታያለህ፣ በመዶሻ ስትነካው መዶሻው ይገባል። የዚያች መኪና በሮች ሥር ያሉት ሁለቱ ረጃጅም የብረት ሳጥኖች እንደዚያ ነበሩ። መኪናን ቀጥ አድርገው የሚይዙት እነሱ ናቸው፣ ከጎን ሲመታም ሰውን የሚያተርፉት እነሱ ናቸው። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ አህመድ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የበሰበሰውን ጤነኛ ብረት እስክታገኝ ቁረጥ፣ በወፍራም ላሜራ ተካ፣ ሳጥኑን ከመዝጋትህ በፊት ግን ባለቤቱን ጠርተህ ውስጡን አሳየው። ከተዘጋ በኋላ የሚያውቀው አላህና በያጁ ብቻ ነውና። ይህን ሕግ አንድም ቀን አፍርሼው አላውቅም ነበር።

የቀኙን ጎን እንደ ሕጉ ሠራሁ። ቆረጥኩ፣ አጸዳሁ፣ ተካሁ፣ ዳዊትን ጠርቼ አሳየሁት። ተንበርክኮ በስልኩ መብራት ውስጡን አየና ተደነቀ። የግራውን ለማየት መቼ ይመጣ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። "ተው ሰይዶ፣ የአገሬን ልጅ ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?" አለኝ።

እስቲ አንተ ፍረድ፤ ይህን እሱ ይናገራል? እህቴስ የአገሯን ልጅ አምና አልነበር? እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ግራው የሹፌሩ ጎን ነው። የሚቀመጥበት እሱ ነው።

የግራውን የበሰበሰ ሳጥን አልቆረጥኩትም። እኔ ነኝ ያልቆረጥኩት። ላዩ ላይ ስስ ቆርቆሮ አለበስኩት፣ ለመያዣ ያህል ነካ ነካ አድርጌ በየድኩት፣ በስቱኮ ሞላሁት፣ አለሰለስኩት፣ ቀባሁት። እጄን ላዩ ላይ ሳሳልፍ ከቀኙ ይበልጥ ይለሰልስ ነበር። ስሠራው ደግሞ አንጎራጎርኩ። እንዲህ በደስታ የሠራሁት ሥራ በሕይወቴ የለም።

መኪናዋን ሊረከብ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ልጁ ሜሮን አብራው ነበረች፤ ዘሃራ ስታባብላት፣ ፀጉሯን ስትጎነጉንላት የኖረችው ልጅ። ሃያ ዓመት ሞልቷታል። ቁልፉን ወደሷ ወረወረውና "የመንጃ ፈቃድሽ ስጦታ" አላት። እሷም እየዘለለች ግራው በር ገብታ ተቀመጠች። ሴት ልጅ መሪ በማትጨብጥባት ሪያድ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ከተማዋ ተለውጣ ሴቱ ሁሉ ሲነዳ በዓይኔ እያየሁ እንኳ፣ መኪና ይዞ የመጣ ወንድ ሁሉ ለራሱ ነው ብሎ የሚያስብ ጭንቅላቴ አልተለወጠም። ለማን ናት ብዬ አልጠየቅሁትም።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "ቆዪ፣ ግራው ትንሽ ይቀረዋል" ብል ማን ይጠረጥረኛል? በሦስት ቀን አስተካክለው ነበር። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልክ በለኝ። ዘሃራ ከዚያ ቤት ስትወጣ ማን ተናገረላት ብዬ ነው። ሜሮን ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ምን ልትናገር ትችል ነበር? ይህንንም አውቅ ነበር። እያወቅሁ በጨርቅ መስታወቱን ወለወልኩላትና በእጄ ምልክት እየሰጠሁ ከወርሻው አስወጣኋት።

ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ዓርብ ከአስር ሰላት በኋላ ዳዊት ደወለ። ቀይ መብራት የጣሰ ፒክአፕ ልጁን ከግራ መትቷታል። በሩ ገብቶ እግሯን ጨፍልቆታል። እያለቀሰ ነበር የሚናገረው። አሁን የምነግርህን ስማኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም። ደስታ ነው። ለቅሶው ጣፈጠኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

ወዲያው ለዘሃራ ደወልኩ። ሥራዬን አልነገርኳትም፤ "ያ ሰውዬ የእጁን አገኘ፣ ልጁን መኪና ገጫት" ብቻ አልኳት። ደስ እንዲላት ፈልጌ ነበር፤ ስምንት ዓመት ያቆየሁላትን ስጦታ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ሜሪዬ? የኔ ሜሪ ትተርፋለች?" ብላ ጮኸች። "ምን ሆነህ ነው የምትስቀው፣ ሰይድ? ልጅ እኮ ናት!" አለችኝ። ሦስት ቀን ጾመችላት። የተበደለችው እሷ ሆና፣ በቀል የፈለግሁት እኔ ነበርኩ።

ሜሮን ተረፈች። ግራ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። አጋጣሚው ነው ልበል? የፒክአፑ ሹፌር ነው ልበል? እሱማ አጥፍቷል። የኔን ግን አልወሰደልኝም። ግጭቱ መኪናዋን ገፍቶ በቀኝ ጎኗ ከሲሚንቶ ግድግዳ አላትሟት ነበር። ቀኙ ሳጥን አልታጠፈም። ግራው እንደ ካርቶን ተጣጥፏል። ሁለቱም የኔ ሥራ ናቸው።

ለዳዊት ይቅርታ አልጠይቅም። በእህቴ ያደረገውን ዛሬም እጠላዋለሁ፣ ዛሬ ብድርህን መልስ ብባል ግን የማን እግር እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። ሜሮን ፊት ቆሜ አፉ በይኝ ማለት የሚገባኝ ሰው ነኝ። አላልኩም። ፈሪ ነኝ፤ ከአባቷ የምለይበት አንድ ነገር ቢኖር ንገረኝ።

ከሁሉ የሚብሰውን ደግሞ እስካሁን አቆይቼዋለሁ። የተሰበረችው መኪና ወደ ወርሻው ስትመለስ ዳዊት አብሮ መጣ። ግራውን ለማየት አቅም አልነበረውም፣ ዓይኑን አዞረ። ቀኙ ጋ ሄዶ ያልታጠፈውን ብረት ዳሰሰ። ከዚያ በጥላሸት የቆሸሸ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። "ሰይዶ፣ ይህ እጅ ይባረክ። እንዲህ ባትሠራልኝ ኖሮ ልጄን ቀብሬ ነበር" አለኝ።

እኔም አሜን አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።