በቢጫ ካናቴራ የደረስኩበት ለቅሶ

ጋምቤላ ውስጥ በቀትር ፀሐይ በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድም መኪና አጥቷል፣ አንድም አብዷል። ከአዲስ አበባ የመጡት እነዚያ ተጓዦች ግን በገዛ ፈቃዳቸው ነበር የሚሄዱት። «ታሪካዊና ውብ ገጠር በእግር» ለሚል የእረፍት ጉብኝት ተመዝግበው፣ አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ ለብሰው፣ እንደ መዳፍ በተዘረጋ ሜዳ ላይ የተራራ ዱላ ተደግፈው መጡ። ገና ሳያቸው ናቅኳቸው።

የተቀላቀልኳቸው ወድጄ አይደለም። ከአቦቦ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር የምትኖር ጓደኛዬ ሞታ ነበር። አዋላጅ ነበረች። እኔ ከደጋ በነርስነት ተመድቤ አቦቦ ስደርስ ከአማርኛ በቀር አላውቅም፤ አኙዋክኛ ያስተማረችኝ፣ ወባ ሲጥለኝ ያስታመመችኝ እሷ ናት። እሷ ልጇን ስትወልድ ያዋለድኳት ደግሞ እኔ ነኝ። የሞተችው በክረምት፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሳለ ነው። ቀብሯ አመለጠኝ። በእነሱ መንደር ወግ ሀዘኑ የሚዘጋው በበጋ፣ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ከበሮ እየተመታ ነው። በዚያ ቀን ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ካላለቀስኩላት ወዳጇ ነበርኩ ለማለት አፍ አይኖረኝም ብዬ ነበር። መኪና ፍለጋ ስንከራተት በዚያ በኩል የሚያልፍ የተገኘው የጎብኚዎቹ ሚኒባስ ብቻ ሆነ።

አስጎብኚው ሰፊ ኮፍያ ያጠለቀ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። «ማዘር፣ የምትተረጉሚልን ከሆነ ቦታ አለን» አለኝ። ማን እናቱ እንዳደረገኝ እንጃ። ማንም እንዳይጠፋ ካናቴራውን መልበስ ግዴታ ነው ሲለኝ፣ መንደሩ ስንደርስ አወልቀዋለሁ ብዬ በጥቁር ቀሚሴ ላይ ደረብኩት።

አልዌሮ ግድብ ስንደርስ ከመኪና ወርደን የእግር ጉዞው ተጀመረ። አስጎብኚው ግድቡ ላይ ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ውኃው ዘርግቶ፣ «ይህ ተፈጥሮ የለገሰችን ሐይቅ ነው» አለ። ሁሉም ፎቶ አነሱ። ትራክተር ያረሰውን የሩዝ እርሻ ደግሞ «ድንግል መሬት» አለው፤ እሱንም አነሱ። በባንክ እንደሚሠራ ሦስቴ የነገረኝ አንድ ጎልማሳ፣ እንጨት ተሸክማ የምታልፍ ሴት አየና «ምንም የላቸውም፣ ግን እንዴት ደስተኞች ናቸው» አለኝ። እኔ ሳያት እንጨቱ የከበዳት ነው የመሰለችኝ። አንዲቱ ተጓዥ ፊቷን ቅባት ለቅልቃ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች። እነዚህ ሰዎች አገር ለማየት መጥተው የራሳቸውን ፊት ከማየት ሌላ ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ መንደሩ ስንቃረብ ከበሮው ተሰማ። የአስጎብኚው ፊት በራ።

«የባህል ትርዒት! ያውም ፕሮግራማችን ላይ ያልነበረ። እድለኞች ናችሁ።»

«ለቅሶ ነው» አልኩት።

«ማዘር ደግሞ። ለቅሶ ላይ ከበሮ የት አለ?»

ተጓዦቹ ሳቁ። እነሱ የሚያውቁት ለቅሶ ድንኳንና ንፍሮ ነው፤ ከበሮ ከሰሙ ሰርግ ነው። ደግሜ ነገርኩት፤ እሱ ግን ኮፍያውን ይዞ ወደ ፊት ሮጠ፣ እነሱም ተከተሉት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እነዚህ ደግሞ ሳይጠሩ ነው የሳሙት።

ስደርስ የባንኩ ሰውዬ በሐዘንተኞቹ መሀል ገብቶ እስክስታ ይመታል። አንዷ ታጨበጭባለች፣ ሌላዋ ትቀርፃለች። የጓደኛዬ እህቶች ከበሮውን እየዞሩ፣ እየጨፈሩ ያለቅሳሉ፤ እንባው ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ከተጓዦቹ አንዱ «እንዴት አልቧቸዋል» አለ። ደሜ ፈላ። የባንኩን ሰውዬ በክንዱ ጎትቼ አወጣሁት። አመሰግናለሁ አለኝ፤ ውኃ ላጠጣው መስሎት።

በዚህ መሀል ካናቴራውን ማውለቅ ረሳሁ። የጓደኛዬ ልጅ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ መጣች። አስቀድማ ደረቴን አየች፤ ቀጥላ ፊቴን።

«ከእነሱ ጋር መጣሽ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። ወንበሩን አስቀመጠችልኝና ከሴቶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

በዚያ ቤት ወንበር ቀርቦልኝ አያውቅም። ወንበር ለወረዳ ሹምና ለባዳ ነው። እናቷ በሕይወት ሳለች እግራችንን ዘርግተን የምናወጋው እዚያው ምንጣፍ ላይ ነበር። ቢጫውን አወለቅኩና ወንበሩን ትቼ ከምንጣፉ ዳር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፤ እንባዬ ግን በንዴት ደርቋል።

አስጎብኚው ላቡን እየጠረገ መጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ማዘር፣ መግቢያው አልተቀረፀልንም። እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጀምሩልን ንገሪያቸው።»

ምን ብዬ እንደምሰድበው ሳስብ ልጅቱ ቀደመችኝ። ድምጿን አላነሳችም።

«እናቴ የሞተችው አንዴ ነው» አለችው። ከዚያ ወደ ጎን ጠጋ አለችና ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

አስጎብኚው ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለች?»

የተናገረችው በአማርኛ ነበር።