ሁሉም የሚወደው ልጅ

ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጥታ «እማዬ፣ ‹ሁጅሊ ፖፑላር› ማለት ምንድነው?» ስትለኝ የጠመኔ ብናኝ ሸተተኝ። «በጣም ተወዳጅ» አልኳት።

ቡራዩ፣ አሥረኛ ክፍል ነበርን። ታላቅ ወንድሜ ታሞ አንድ ዓመት ስላቋረጠ ደርሼበት አብረን እንማር ነበር። የእንግሊዝኛ መምህራችን አብረው የሚሄዱ ቃላትን ሲያስተምሩ ለምሳሌ የሚሆነውን ተማሪ ያስቆማሉ። የተወዳጅነት ቃላት ላይ ሲደርሱ ወንድሜን አስቆሙት። «ሂ ኢዝ ሁጅሊ ፖፑላር!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ደግሞም እውነት ነበር። ከደቡብ ለመጣ ልጅ ኦሮምኛውን ይተረጉምለታል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አስፋልቱ «አካም ጂርታ?» እያለ ሰላም የሚለው ሰው አያልቅም። ምን ልበላችሁ፣ ቦርሳውን ይዤ መጠበቅ ሥራዬ ሆኖ ነበር።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበታንና ሱሉልታን አዳርሶ እኛ ጋ የገባ ዕለት ክፍል ውስጥ ነበርን። የጎማ ጭስ በመስኮት ገባ። እናታችን ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንች ትሸጥ ነበርና ወንድሜ «እማዬን ላምጣት» ብሎ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ክፍሉ በሙሉ ተከተለው፤ የጎረቤት ክፍልም እንዲሁ። ሳናስበው ሰልፍ ሆንን።

ፖሊሶች በሩ ላይ ያዙት። መምህሩ ሊያስጥሉት ሮጠው መጡ።

«ኧረ ይሄ ጨዋ ልጅ ነው! ተማሪው ሁሉ ይወደዋል፣ እሱ ያለውን ይሰማል!»

አዛዡ ፈገግ አለ። «እንግዲያው መሪው እሱ ነዋ!»

መምህሩ ከዚያ ወዲህ ለምሳሌ ብለው ማንንም አላስቆሙም።

ወንድሜ ከወራት እስር በኋላ ፀጉሩን ተላጭቶ ሲመለስ ያ ሁሉ አጨብጫቢ እሱን ሲያይ መንገድ ይሻገር ጀመር። ፈርተው ነው፣ ይገባኛል፤ ይቅር ግን አላልኳቸውም። እሱ ከበሩ እስከ አስፋልቱ እንደ ድሮው ቀስ እያለ ይሄድ ነበር፣ የሚጠራው ሰው ካለ እንዳያልፈው። የጠራው አልነበረም። ቦርሳውንም ራሱ ይዞ ነበር።

ጊዜው ሲለወጥ እነዚያው ሰዎች «ጀግናችን» እያሉ ሊያቅፉት ቤት ድረስ መጡ። ያን ጊዜ እሱ ለሰው በር መክፈት ትቶ ነበር። ዛሬም አይከፍትም።

ልጄ እርሳሷን እየነከሰች «ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ተብለናል። ስለ ማን ልጻፍ?» አለችኝ።

ስለ አጎትሽ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ስለ ኳስ ተጫዋች ጻፊ» አልኳት። «የምንወደውን ሰው ስም እንዳታስገቢ።»