ባዶው መንደር ውስጥ የቀረው ሸማኔ

ኅዳር ላይ በማለዳ በሬን ስከፍት ጉሙ መንገዱን ውጦት ካገኘሁት፣ የገብስ እሸት ሽታ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ያውደኛል። እዚህ ከተማ የገብስ ማሳ የለም። ያኔ ግን ከወገዳ ወዲያ ባለችው መንደራችን ገብሱ ሊደርስ ነበር፤ እኔም ገና ልጃገረድ ነበርኩ።

የመንግሥት አዝመራ ገማቾች ሊመጡ ነው፣ ግብሩም ከፍ ይላል ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ፣ ደብረ ታቦር ይማር የነበረው ወንድሜ ተነሣ። ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል፣ ገንዘቡ ለሐኪም ቤትና ለመንገድ ይዋል፣ መሬቱም ለሁሉ እኩል ይድረስ አለ። አባቴ እንዳቀረቀረ፣ ርስቱን ለሌላ ማካፈልም ሆነ የት እንደሚገባ የማያውቀውን ግብር መክፈል ለእሱ ያው ዘረፋ መሆኑን ተናገረ። መሪጌታው ሐዋርያት ሁሉን በጋራ ይዘው ይኖሩ እንደነበር አነሡና፣ እነሱ ግን ወደው ነው የሰጡት አሉ።

ያን ጊዜ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ የተቀመጠው፣ አንድ ጥማድ መሬት እንኳ ያልነበረው ሽማግሌ ሸማኔ ወንድሜን ጠየቀው።

«በዚያ እኩል ውስጥ እኔንም ትቆጥረኛለህ?»

«መጀመሪያ የምቆጥረው እርስዎን ነው» ብሎ መለሰለት ወንድሜ።

ሸማኔውን አንቱ ያለ ሰው እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ማንም አልሳቀም።

ገማቾቹ በሚመጡበት፣ ጉም በሸፈነው ማለዳ፣ ማሳው የማን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው እንዳያገኙ፣ መንደሩ በሙሉ ከብቱን እየነዳ ከመንደሩ በታች ወዳለው የገደል ዋሻ ወረደ። ሸማኔው የሚገመት አዝመራ ስላልነበረው ቀረ። ወንድሜም ሰዎቹን ፊት ለፊት አነጋግራለሁ ብሎ አብሮት ቀረ። ዋሻው ውስጥ እናቶች የሕፃናቱን አፍ በመዳፋቸው ከድነው ተቀመጡ። ጥጃ እንኳ አልጮኸም። ከላይ፣ ከባዶው መንደር፣ በጉሙ ውስጥ የሚወርደው የሽመናው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ጉሙ ሲገለጥ ወጣን። ድምፁ አሁንም አልቆመም፤ እናቴም ሰምታዋለች፣ ክንዴን አጥብቃ ይዛኝ ነበር። በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ እህሉ አልተነካም፤ ዶሮዎቹ ደጅ ላይ ቆመው ዝም ብለው ያዩናል። ከሸማኔው በር ስንደርስ ድምፁ ቆመ። ወደ ውስጥ አየን። ሸማኔው ሲሠራ እግሩን በሚሰድበት ጉድጓድ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ወንድሜም የለም፤ ግማሹ የተሠራ ጋቢ ብቻ ተወጥሮ ቀርቷል።

ወንድሜ ከፋሲካ በኋላ ከስቶ ተመለሰ። ገማቾቹ ሁለቱንም ለምስክርነት ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ማሳው የማን እንደሆነ ሲጠይቁት ሸማኔው፣ መሬት የለኝም፣ የመሬት ነገር አላውቅም ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። መንገድ ላይ ለያዩዋቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሸማኔውን ያየው የለም። ወንድሜ ስለ እኩልነት መናገሩን አልተወም፤ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር።

ክረምት ሲገባ የሸማኔው ጣሪያ አፈሰሰ። የዚያን ቤት ደፍ በዕድሜው ረግጦት የማያውቀው አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሣር ተሸክሞ ሄዶ ከደነው። እናቴ ምሳውን አስይዛ ላከችኝ። ስገባ አባቴ ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ ጋቢው ላይ የተንጠባጠበውን ውኃ በመዳፉ ቀስ እያለ ይጠርግ ነበር።

«ሲመጣ ይጨርሰዋል» አለኝ፣ ሳያየኝ።