የሌላ ጥያቄ መልስ

«ገብቶናል» የሚለውን ቃል ጠምጄ የያዝኩበት አንድ ክረምት ነበር። ቃሉ በራሱ ምንም አላደረገኝም፤ ችግሩ ቀኑን ሙሉ የምሰማው እሱን ብቻ መሆኑ ነው። «ግልጽ ነው?» ስል «ገብቶናል»። «ጥያቄ ያለው?» ስል «የለም፣ ገብቶናል»። በማግስቱ የሠሩትን ወረቀት ሰብስቤ ሳየው ግን ለማንም ምንም አልገባውም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ዘግይቼ የደረስኩ ሰው ነኝ። ፊቴ ላይ ፈገግታ ለጥፌ ውስጥ ውስጡን ደሜ ይፈላ ነበር።

ያኔ ቦንጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ እማር ነበር፤ ሦስተኛ ዓመቴን ጨርሼ አራተኛን እጠብቃለሁ። ጓደኞቼ ክረምቱን ወደየቤታቸው ሲበታተኑ እኔ ከተማው ውስጥ አክስቴ ጋ ቀረሁ፤ የካልኩለስ አስተማሪያችን ቱቶር ሁኚ ብሎኝ ነው። ክረምት ክረምት ግቢው የሚሞላው በመምህራን ነው። በዲፕሎማ ለዓመታት ሲያስተምሩ የቆዩ ሰዎች ዲግሪያቸውን ለመያዝ ከየወረዳው ይመጣሉ። ጠዋት አስተማሪው ያስተምራል፣ እኛ ቱቶሮቹ በወንበሮቹ መሃል እየተዘዋወርን የተቸገረ ካለ እናያለን። ከሰዓት ደግሞ ለየብቻችን አንድ አንድ ክፍል ይዘን መልመጃ እናሠራለን። «መልስ እንዳትሰጡ» ብሎናል አስተማሪው፤ «ጠይቋቸው። የት ጋ እንደተያዙ ራሳቸው ይናገሩ።»

በአፍ ሲወራ ቀላል ነው። በትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር የሆነ፣ በሰፈሩ ሽምግልና የሚላክ ሰው ግን የልጁ እኩያ ለሆነች ተማሪ «አልገባኝም» ብሎ አይናገርም። እኔ ብሆንም አልናገርም። ታዲያ ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ «ገብቶናል» ይለኛል፣ እኔም እሺ ብዬ አልፋለሁ። በዚህ ዓይነት ተከባብረን ገደል ልንገባ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው የተቀመጡ ሰው አየሁና እግሬ ተያዘ። ባደግኩባት ከተማ በቢታ ገነት ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ናቸው።

ማባዛትን ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። እኒህ ሰው አንድንም ልጅ «ተሳስተሃል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ስድስት በሦስት ሲባዛ ስንት ይሆናል ብለው ሲጠይቁኝ በሙሉ ልቤ «ዘጠኝ!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እሳቸው ግን ዘጠኝን አስውበው ሰሌዳው ላይ ጻፉልኝና በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ «ይሄ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው» አሉኝ። «ስድስት ሲደመር ሦስት ብዬሽ ቢሆን ልክ ነበርሽ። አሁን ደግሞ የዚህኛውን ፈልጊ።» ለማንኛውም ስሕተት እንዲህ ጥያቄ ይፈልጉለት ነበር። እኔ ዛሬ ድረስ ሒሳብ የማልፈራው ከዚያ ወንበር ተነሥቼ ነው።

«ቲቸር!» አልኩ ሳላስበው።

እሳቸውም ብድግ ብለው «አቤት ቲቸር!» አሉኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከማንኪራ የመጡ አንዲት መምህርት፣ አፋቸው የማያርፍ ሴትዮ ናቸው፣ «ኧረ ቲቸሩ ማን እንደሆነ ይለይልን!» አሉ። አልተለየም። ክረምቱን ሙሉ እኔ «ቲቸር፣ ወደ ሰሌዳው ይውጡልኝ» እላለሁ፣ እሳቸው «እሺ ቲቸር» ይላሉ። ክፍል ውስጥ እስካለን «እርስዎ» ይሉኛል፤ ከበሩ እንደወጣን ግን «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ደህና ናት?» ይመጣል። ተዉ አፍራለሁ ብዬ ብለምናቸው አልሰሙኝም።

«ክፍል ውስጥ አስተማሪ አንቺ አይባልም» አሉኝ። «ደግሞ እርስዎ ይሻለኛል። በአማርኛ አንተና አንቺ ይዞርብኛል፤ እርስዎ ግን ለወንድም ለሴትም ያው ነው።»

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ባጃጅ ስንጠብቅ ጉዳያቸውን ነገሩኝ። ካልኩለስን ባለፈው ክረምት ወድቀውታል። ዘንድሮ ካላለፉ ከፕሮግራሙ ይሰናበታሉ፤ ሌላ ዕድል የለም።

«ዲግሪው ቢቀር እኮ ግድ የለኝም» አሉ። ጭቃውን አዩና «ግድ አለኝ እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ» አሉ። «ልጆቹ ቲቸር ክረምት ክረምት የት ነው የምትሄደው ሲሉኝ፣ እኔም እንደናንተ ተማሪ ነኝ ብያቸዋለሁ። አሁን ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

አንጀቴን በሉት። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ወረቀት እጄ ሲገባ፣ ስሕተታቸውን አያለሁ፣ ቀይ እስክሪብቶውን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ሰው ማባዛት ያስተማሩትን ሰው ምን ብሎ ነው «ተሳስተዋል» የሚለው? «እዚህ ጋ እንደው ትንሽ ቢያዩት» እላቸዋለሁ። «ገብቶኛል ቲቸር» ይሉኛል። እፎይ ያልኩ መስሎኝ ወደ ቀጣዩ ወንበር እሄዳለሁ።

አስተማሪው አንድ ሁለቴ በመስኮት ሲያየን ቆይቶ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «አንቺ እኮ ሰውየውን በጣም እያከበርሽ ልትጥያቸው ነው» አለኝ። ተናደድኩበት። ለአክስቴ ሳይቀር ስለ ትዕቢቱ ነገርኳት። የተናደድኩት ያለው ልክ ስለነበረ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት ከባድ ዝናብ መጣ። የያዝነው ክፍል ኮርኒስ የለውም፤ ዝናቡ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይሰማማም። የካፋን ክረምት የማያውቅ ሰው የማጋንን ሊመስለው ይችላል። መምህሬ ሰሌዳው ላይ ነበሩ። የሰጠኋቸው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ዋይ ከኤክስ ስኩዌር ጋር እኩል ቢሆን፣ ዲ ዋይ በዲ ኤክስ ስንት ነው? ትርጉሙ፣ ዋይ በዚያች ቅጽበት በምን ፍጥነት እየተለወጠ ነው ማለት ነው። መልሱ ሁለት ኤክስ ነው።

እሳቸው ዲ ዋይ በዲ ኤክስን በንጹሕ የመምህር ጽሕፈታቸው ጻፉ። ከዚያ ላይኛዋን ዲ በጭረት ሰረዟት፤ ታችኛዋንም ሰረዟት። ስድስት ስምንተኛን ሦስት አራተኛ ብሎ እንደሚያቃልል ሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን ክፍልፋይ እንዳስተማሩት። ምልክቱ ሙሉውን አንድ ላይ እንጂ ተሰንጥቆ አይነበብም፤ ዲዋም ቁጥር ስላልሆነች አትጣፋም። እሳቸው ግን ዋይ በኤክስ ቀራቸው፤ በዋይ ቦታ ኤክስ ስኩዌርን ተክተው አካፈሉና መልሱን ጻፉ፦ ኤክስ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበትና ወደኔ ዞሩ።

ፈተናው ላይ እንዲሁ እንደሚያደርጉት ገባኝ። ይህችን አንዲት ጭረት ይዘው ገብተው ሁሉንም ጥያቄ እየሰረዙ ሊወጡ ነው። አስተማሪው ያለኝ ትዝ አለኝና አፌን ከፈትኩ፤ ያው የለመድኩት ወጣ።

«ቲቸር፣ ገብቶዎታል?»

አልሰሙኝም። እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ።

«ገብቶዎታል ወይ?» ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

እሳቸውም በዚያ ጫጫታ ሌላ ሰው የሚሰማቸው አልመሰላቸውም መሰለኝ፣ እንደኔው ጮኸው «ኧረ እኔ ምንም አልገባኝም!» አሉ።

ዝናቡ ያን ጊዜ ቀጥ አለ። የኛ አገር ዝናብ ያደርገዋል፤ ቧንቧ እንደዘጉት ነው ቀጥ የሚለው። «አልገባኝም» የሚለው ቃል ብቻውን ክፍሉ መሃል ቀረ። መምህሬ ጠመኔውን እንደያዙ ደርቀው ቆሙ። እኔም ደረቅኩ። ማንም አልሳቀም።

«እኔም አልገባኝም» አሉ የማንኪራዋ መምህርት።

ከኋላ አንዱ «እኔማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ!» አለ፤ ሌላው «ዲ ራሷ ምንድን ናት?» አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ሳምንታት ሙሉ የታመቀ ሳቅ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ይስቃሉ። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ እፎይ አልኩ። እንባዬም መጣ፤ ለመሸሸግ አልሞከርኩም። ሰው «አልገባኝም» ሲል ያን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወደ ሰሌዳው ሄጄ ኤክሷን አየኋት። ከዚያ ምላሴ በራሱ ሄደ፤ በካፊኖኖ «ቲቸር፣ ይሄ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የማን ቃል እንደሆነ ወዲያው አወቁት፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ቀስ ብለው ፈገግ አሉና፣ እንደ ጥንቱ እንደ ቢታው፣ «የየትኛው ጥያቄ?» አሉኝ።

ጉድ ፈላ። እኔ እኮ ለትሕትና ያልኩት ነው። የየትኛው እንደሆነ በፍጹም አላውቅም። እሳቸው ግን አንድም ቀን ጥያቄውን ሳያገኙ ይህን ቃል ተናግረው ስለማያውቁ፣ ቆመው ይጠብቁኛል። ክፍሉም ይጠብቀኛል። ዋይ በኤክስ፣ ዋይ በኤክስ እያልኩ ሰሌዳው ላይ አፈጠጥኩ። ደግነቱ መጣልኝ።

«ከቢታ በሚኒባስ ነው የሚመጡት አይደል? ኤክስ ሰዓቱ ነው እንበል፣ ዋይ የሄዱት መንገድ። መንገዱን በሙሉ ለሰዓቱ ቢያካፍሉት ምን ያገኛሉ?»

«አማካይ ፍጥነት።»

«ሾፌሩ ፊት ያለው ቆጣሪስ? እሱም አማካዩን ነው የሚያሳየው?»

«የነሱ ቆጣሪ ደግሞ መቼ ይሠራል!» አሉ የማንኪራዋ።

«ቢሠራ ይበሉ!»

«ቢሠራማ» አሉ መምህሬ፣ «የአሁኑን ነው። ጭቃው ጋ ሲደርስ ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ይወጣል።» ወደ ሰሌዳው ዞረው ሁለቱን የተሰረዙ ዲዎች ቆመው አዩአቸው። «ታዲያ እኔ አማካዩን ነዋ የመለስኩት። የተጠየቅኩት የአሁኑን ነው። ዲዋን ሳጠፋት አሁንን አጠፋሁት።» ዳስተሩን ትተው ኤክሷን በመዳፋቸው ጠረጉ። የጠረጉበትን መዳፍ ኮታቸው ላይ አበሱና «እሺ፣ የዚህኛውን ልፈልግ» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ «ገብቶናል» ከክፍላችን ጠፋ። ማንም ሲሳሳት ሌሎቹ «የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?» ብለው ይነሡበታል፤ ጥያቄውን ሳያገኙ አይቀመጡም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ መልስ የምንም ጥያቄ መልስ አልነበረም፤ ለእሱም ስቀንለት አልፈናል። እኔም ቀይ እስክሪብቶ መያዝ ተውኩ። ከሰዓት ወደ ክፍሉ ስሄድ እቸኩል ነበር።

ፈተናው ቀን ውጪ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከወጡት መጨረሻ አካባቢ ናቸው። «እንዴት ነበር?» ስላቸው «ጻፍኩ» ብቻ አሉ። ቢታ ገነት ኢንተርኔት እንደልብ ስለማይገኝ፣ ውጤቱ ሲለቀቅ ገብቼ እንድመለከትላቸው የተማሪ ቁጥራቸውን ሰጡኝና በዚያው ወደ መናኸሪያ ወረዱ።

ውጤቱ የተለቀቀው ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው። በስልኬ ገጹን ከፍቼ እስኪመጣ ድረስ ያለችው ክብ ስትዞር ስትዞር ጸሎት አደረስኩ። ሲ ፕላስ። ስሙን አየሁ፤ ቁጥሩን አየሁ፤ ገጹን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ሲ ፕላስ። አክስቴ ምን ሆነች ብላ ከጓዳ እስክትወጣ ድረስ ጮህኩ።

ስደውል ቶሎ አነሡት። ከኋላቸው የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ክፍል ውስጥ ናቸው።

«አልፈዋል!» አልኩ፣ ሰላምታም ሳላስቀድም። «ሲ ፕላስ!»

«ልጄ፣ ደህና አድርገሽ አይተሽዋል?» አሉ። «የሌላ ሰው ውጤት እንዳይሆን።»

«የእርስዎ ነው። የዚሁ ጥያቄ መልስ ነው ቲቸር።»

ረጅም ትንፋሽ ሲያወጡ ሰማኋቸው፤ ያ እፎይታ በስልክ ውስጥ አልፎ እኔንም ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አደረጉና ልጆቹን በካፊኖኖ «ዝም በሉ፤ ቲቸር ናት የደወለችው» አሏቸው።

«የማን ቲቸር?» አለች አንዲት ልጅ።

«የኔ» አሏት።