የሮማን እናት ቀይ ቀሚስ

ይህን ነገር በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛውን ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም። ለልጄም፣ ለጎረቤትም፣ ለእድርተኛም ትንፍሽ አላልኩም። ይህን የምታነቡ ሁሉ ዛሬ የነፍስ አባቴ ሁኑልኝ። እኔ ጸዳለ የሰው አደራ በልቻለሁ። የበላሁትን አደራ ደግሞ በንጹሕ ሰው አላክኬያለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ገርጂ ያኔ ገና ግማሹ ማሳ ነበር፤ አውሮፕላን ሲነሳ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው የሚውለው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ አቡጀዲ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው። ስለዚህ ለሚወለደው ልጄ ከቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ልሠራ ተነሳሁ። ተማሪ ሳለሁ የእጅ ሥራ አስተማሪያችን አሳይታን ነበር፤ እያንዳንዱ ካሬ የየራሱ ቅርጽ አለው፤ አንዱ ጎጆ፣ አንዱ ደረጃ፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ መስቀል። ሁሉም ተገጣጥሞ አንድ ልብስ ይሆናል።

ጎረቤቶቼ ‹‹ጸዳለ ድሪቶ ትሰፋለች›› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይበሉ። እኔ ንድፉን በአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ እየሣልኩ፣ ቅርጹን ከካርቶን እየቆረጥኩ፣ ጨርቆቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ ቦታ እያቀያየርኩ ስውል ብቸኝነቴንም ፍርሃቴንም እረሳ ነበር። የባለቤቴ ያለቀ ካኪ ሱሪ፣ የአሮጌ መጋረጃ ቅዳጅ፣ ከልብስ ሰፊ ደጃፍ የለቀምኩት የተማሪ ዩኒፎርም ትርፍራፊ፤ ሁሉንም አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በመርፌ እገጣጥመዋለሁ።

ሮማን የልብ ጓደኛዬ ነበረች፤ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻንጣ ይዛ መጣች።

‹‹ጸዳልዬ፣ ጓደኞቼን እየለቀሙ እየወሰዷቸው ነው። የእኔም ተራ ሳይደርስ አይቀርም›› አለችኝ። ሻንጣውን ከፍታ ከልብሶቿ ሁሉ ሥር የታጠፈች ቀይ የሐር ቀሚስ አሳየችኝ። ‹‹ሌላው ቢጠፋ ግድ የለኝም። ይቺ ግን እማዬ የተሞሸረችባት ናት። ከእማዬ የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት።››

‹‹እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም›› አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።

በሳምንቱ ወሰዷት።

ብዙም ሳይቆይ የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። ከፈታሾቹ አንዱ የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ ከእኛ ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ የሚኖሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ቁም ሳጥኑን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ሻንጣው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ክዳኑ ላይ የሮማን ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። የእስረኛ ዕቃ ደብቆ መገኘት ያኔ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ደምሴ ስሙን አነበቡ። ዞር ብለው ፊቴን አዩ፤ ከዚያ ሆዴን። ቁም ሳጥኑን መልሰው ዘጉና ለሌሎቹ ‹‹የሕፃን ልብስ ነው፤ ሌላ ነገር የለም። እንሂድ›› አሏቸው። እኔንም ልጄንም ያተረፉን በዚህች ቃል ነው።

ብርድ ልብሱ ሊያልቅ መሀሉ ብቻ ቀረኝ። መሀሉ ላይ ኮከብ ነበር ያሰብኩት። ካኪውን ሞከርኩ፣ ዩኒፎርሙን ሞከርኩ፤ ጨርቄ ሁሉ አመድ ወይ ጭቃ ይመስላል። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ላያት ብቻ ነው አልኩ። ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጠርዟን ብቻ ብቆርጥ ማን ያውቃል አልኩ። ቆረጥኩ። ጠርዙ ለኮከብ አልበቃም። እንደገና ቆረጥኩ። ማን አስገደደኝ? ብርድ ነው? ብርዱን ካኪውም ይከለክለው ነበር። ቀሚሷን የቆረጥኳት ስላማረችኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

‹‹ሮማን ሞታለች›› የሚል ወሬ ነበር። የቆረጥኩት ሞታለች ብዬ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አባብያለሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወሬውን የሰማሁት ኮከቡን ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስሰማ አለቀስኩ፣ ከልቤ አለቀስኩ። ከለቅሶዬ ሥር ግን ‹እንኳንም› የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር። ለነፍስ አባቴ መናገር ያቃተኝ ከቀሚሱ ይልቅ ይህ ነው።

ሮማን አልሞተችም። ልጄ በእግሯ መሮጥ ከጀመረች በኋላ አንድ ጠዋት ከስታ፣ ፀጉሯ ሳስቶ ደጄ ላይ ቆመች። ተቃቅፈን ስናለቅስ አልጋው ላይ የተዘረጋው ብርድ ልብስ በትከሻዋ በኩል ታየኝ። ‹‹በረንዳው ላይ አረፍ በይ፣ ውሃ ላምጣልሽ›› ብያት ገባሁና ጠቅልዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት። የቀሚሷን ትራፊም ከሻንጣው መዝዤ እዚያው ደበቅኩና ሻንጣውን አወጣሁላት። እስከ ታች በረበረችው።

‹‹ቀሚሷስ?››

‹‹ለፍተሻ መጥተው ወሰዷት።››

‹‹ማን?››

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ‹‹ጋሽ ደምሴ›› አልኩ።

ለምን እሳቸውን? ከፈታሾቹ ስማቸውን የማውቀው እሳቸውን ብቻ ስለነበር ነው? ወይስ የዋሉልኝ ውለታ ከብዶኝ? አላውቅም። የማውቀው ስማቸው ከእኔ አፍ እንደወጣ ነው።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ‹‹የእስረኛ ልብስ የሚዘርፍ›› ተባሉ። እድሩ ዳኛ ሊያደርጋቸው አስቦ ተወው። ልጃቸውን ሲድሩ የድንኳኑ ግማሽ ባዶ ነበር። እኔ ሄጃለሁ፤ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ እልል ብዬ ወጣሁ። ወሬው ከየት እንደመጣ እሳቸው ያውቃሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ‹‹ደህና ነሽ ጸዳለ? ልጅቷ አደገችልሽ?›› ብለው ያልፋሉ። ምነው በሰደቡኝ!

ደርግ ሲወድቅ የሰፈሩ ሰው ቀበሌ አዳራሽ ተጠራና የበደሏችሁን ተናገሩ ተባለ። ሮማን ተነሳች።

‹‹እኚህ ሰው እኔ እስር ቤት ሳለሁ የእናቴን የሙሽርነት ቀሚስ ወስደዋል›› አለች።

ጋሽ ደምሴ በሰዉ መሀል እኔን ፈልገው አዩኝ። አንዲት ቃል ቢናገሩ አልቆልኝ ነበር። ‹‹እግዜር ያውቃል›› ብቻ አሉ። ታጋዮቹ ይዘዋቸው ሄዱ፤ እኔ ዝም እንዳልኩ ይዘዋቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ብርድ ልብሱን ከቀሚሷ ትራፊ ጋር ጠቅልዬ ሮማን ቤት ሄድኩና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። ቀዩን ኮከብ በጣቷ ዳሰሰችው። ቀና ስትል ዓይኗ ደርቋል።

‹‹አንቺ ነሽ?››

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹ለእማዬ ቀሚስ ሌላ ቀን አለቅሳለሁ›› አለች። ‹‹ግን ሰው እንዳሳስር አደረግሽኝ! እኔን! መታሰር ምን እንደሆነ የማውቀዋን! ተነሺ፣ እንሂድ።››

የታሰሩበት በር ላይ ደርሰን ልናገር አፌን ስከፍት ሮማን ክንዴን ጨብጣ ቀደመችኝ። ‹‹ቀሚሱ ተገኝቷል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ›› አለቻቸው። ስንመለስ ለምን እንዲህ አደረግሽ ብላት ‹‹በእኔ ዕድሜ የታሰረው ሰው ይበቃኛል። ልጅሽን ማን ያሳድጋት?›› አለችኝ። ጋሽ ደምሴ በዚያው ሳምንት ተፈቱ።

ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝ።

‹‹ያን ቀን ቁም ሳጥኑን ስከፍት ፈርተሽ ነበር›› አሉኝ። ‹‹በፈራ ሰው አልፈርድም። ሮማን ስትመጣ ግን ማን አስፈራሽ፣ ልጄ?››

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። መልሱን ዛሬም እፈልጋለሁ።

‹‹ይቅር ብዬሻለሁ›› አሉ። ‹‹ጥያቄውን ግን ይዘሽው ሂጂ።››

ሰፈሩ ግን ምን አለ? ‹‹ቀሚሱን መልሰውላት፣ በሽማግሌ ታርቀው ነው የተፈቱት›› አለ። ይህን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ሮማን ይቅር ብላኛለች፣ እሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ እኔም ይቅርታቸውን ተከናንቤ ኖርኩ። ባለፈው ወር ለቅሷቸው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ‹‹ደግ ሰው ነበሩ፤ ያቺ የቀሚስ ነገር ባትኖርባቸው›› ስትል ሰማሁ። ልጃቸውም ሰማቻት፤ አንገቷን ደፋች።

ስለዚህ ጻፍኩት። ጋሽ ደምሴ ምንም አልወሰዱም። የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ በዚያው ክፉ ዘመን እሳቸው ቁም ሳጥኑን ዘግተውልኛል። ልጃቸውን ይቅርታ እለምናለሁ። ይቅር ባትለኝም እውነት አላት።

ለሮማን ደውዬ ከመጀመሪያው እስከዚህ አነበብኩላት። ‹‹እፎይ›› አለች። እኔም እፎይ ብያለሁ። የታመመ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ምላስ ቦታውን እየፈለገ እንደሚነካካው፣ ያን የኖርኩበትን ጭንቀት ስፈልገው አጣዋለሁ።

ትናንት የእድሩን ዳኛ አግኝቼ የፊታችን እሑድ ስብሰባ ላይ እንድናገር እንዲፈቅድልኝ ጠየቅኩት። ልጅ እግር ነው፣ ያኔ አልተወለደም።

‹‹ስለ ምን ጉዳይ ነው፣ እትዬ ጸዳለ?››

‹‹ስለ ጋሽ ደምሴ ስም።››

‹‹እሳቸው እኮ አርፈዋል፣ እትዬ። አሁን ምን ይጠቅማቸዋል?››

‹‹እሳቸው አርፈዋል›› አልኩት። ‹‹ስማቸውን ያጠፋሁት ግን አለሁ።››